በሁለት ዘፈን መሀል

ሙዚቃው ተቋረጠ።

ለአንድ ትንፋሽ ያህል ብቻ። ሽማግሌው ግን ዓይናቸውን ገለጡ።

መርፌ በኮምፒውተሩ ጀርባ የሰካችውን ፍላሽ በገመድ ሸፈነችው። መርፌ የስለላ ሥራ ስሟ ነው።

«ደግሞ ቆረጠው! አንቺ ልጅ፣ እሷ እኮ እዚህ ጋ አላቆመችም!»

«ማሽኑ አርጅቶ ነው፣ ጋሼ።»

«እኔስ አላረጀሁም? በሰው ዘፈን መሀል ግን አላንቀላፋም። ዛሬ ካልሠራሽው ሌላ ባለሙያ አመጣለሁ።»

ሌላ ባለሙያ ከመጣ አለቀላት።

እዚህ ቤት የቤት ሲኒማ ጠጋኝ ተብላ ነው የገባችው። ሽማግሌው የጦር መሣሪያ ነጋዴ ናቸው። ፊልም ክፍላቸው የገባውን እንግዳ ሁሉ በድብቅ ይቀዳሉ፤ ቅጂው ያለው እዚሁ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ሟች ሚስታቸው መድረክ ላይ ያለ ዕረፍት የዘፈነችበት ኮንሰርትም እዚሁ አለ። እሷን ሲሰሙ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ሲቋረጥ ይገልጣሉ።

ገመዱን ቀይራለች። በዘፈኖች መሀል ዝምታ የሚጨምረውን ማስተካከያ አጥፍታለች። ወገቧ እስኪቆረጥ አጎንብሳለች። አሁን ገና ገባት።

ጥፋተኛዋ ራሷ ናት።

ወደ ፍላሹ የሚገለብጠው ፕሮግራሟ ሃርድ ዲስኩን አንቆ ይዞታል። ማጫወቻው አንዱን ዘፈን ጨርሶ ቀጣዩን እስኪያገኝ ወረፋ ይጠብቃል። ጎበዝ ሰላይ!

ኮንሰርቱ ዲስኩን እንዳይጠብቅ፣ ገና ሳይጀምር በሙሉ ሚሞሪ ላይ እንዲጫን አዘዘች።

«እስቲ ይስሙት፣ ጋሼ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። እሷ የተገለበጠውን ለመፈተሽ በአንድ ጆሮዋ ማዳመጫ ሰካችና አንዱን ቅጂ ከፈተች።

«የመሣሪያ ሣጥኖቹ በእኔ መኪና ይጫኑ። ፍተሻውን ለእኔ ይተዉት።»

የአጎት ድምፅ።

አጎት የአለቃዋ የሥራ ስም ነው። ማስረጃውን አምጪ ብሎ የላካት እሱ ነው። የራሱን ጉድ ነው ለካ የሚያስለቅማት፤ ሊያቃጥለው። አልተናደደችም። ለንዴትም ጉልበት ያስፈልጋል።

ሁለተኛ ፍላሽ ሰካች። ኮንሰርቱን ገለበጠችበት።

ዘፈኑ ወደ ማለቂያው ደረሰ። እጇ ፍላሾቹ ላይ ነው።

አሁን ከተቋረጠ ያዩዋታል።

ጭብጨባ።

ከጭብጨባው ውስጥ ቀጣዩ ዘፈን ወጣ።

አልተቋረጠም።

ፍላሾቹን ነቀለች። ሽማግሌው ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ጉንጫቸው ረጠበ።

«ተባረኪ፣ ልጄ» አሉ።

ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

አጎት ከበሩ ማዶ መኪናው ውስጥ ይጠብቃል።

«አመጣሽ?»

«አመጣሁ።»

«ከፍተሽ ሰማሽው እንዴ?»

«ምን ልሁን ብዬ? ደክሞኛል፣ አጎት።»

ኮንሰርቱ ያለበትን ፍላሽ ሰጠችው። የእንግዶቹን ቅጂዎች በቀጥታ ወደ ዐቃቤ ሕግ ወሰደች።

ሁለቱም ተያዙ። ኮምፒውተሩም ከነሚስትየው ድምፅ ተጭኖ ሄደ፤ ሽማግሌው ሲወጡ የለመኑት እሱን እንዲተዉላቸው ብቻ ነበር አሉ። የመርፌን እውነተኛ ስም የሚያውቀው አጎት ብቻ ነው። እሱ ሲታሰር ስሟም አብሮት ታሰረ።

መርፌ የተሳፈረችበት አውቶቡስ ረጅም መንገድ ላይ ነው። ሾፌሩ ከስልኩ ዘፈን ከፍቷል። በየዘፈኑ መሀል ድምፁ ጥፍት ይላል።

አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ምን ሆኖ ነው የሚቆራረጠው?»

የት ተነክቶ እንደሚስተካከል አፏ ላይ ደርሶ ነበር።

«እንጃ፣ እማማ» አለች። «የማሽን ነገር አይገባኝም።»

ራሷን መስኮቱ ላይ አስደገፈች።