የሉልሰገድ እርማቶች

ሶስና ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ፒያሳ ካለው አሮጌ ፎቅ ትደርሳለች። ጃንጥላዋን ታራግፋለች፣ ከጥበቃው ከአባባ ጫኔ ጋር ሰላምታ ትለዋወጣለች፣ ከዚያም በብዙ ዘመን መረገጥ መሐሉ የጎደጎደውን የእንጨት ደረጃ ይዛ ሽቅብ ትወጣለች። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚቀበላት ሽታው ነው፦ እርጥብ ግድግዳ፣ የከረመ አቧራ፣ ያረጀ ፕላስቲክ፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ ስሙ የጠፋባት አንድ ጣፋጭ ነገር። ድሮ፣ ሁሉም ሠላሳ ሳይሞላቸው፣ የኮምፒውተር ክበባቸው የሚሰበሰበው እዚህ ነበር። አሁን ሕንፃው በክረምቱ አጋማሽ ሊፈርስ ነውና የክበቡ ኮምፒውተር ውስጥ ያለውን ሥራ ገልብጦ የማውጣቱ ነገር እሷ ላይ ወደቀ።

የቀሩት አባላት በትዝታ ማንም አይቀድማቸውም። የቴሌግራም ቡድናቸው ላይ የፍሎፒ ዲስክ ፎቶ ይለጥፋሉ፤ ሊኑክስ የተባለው ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓት በፖስታ እስኪደርስ ሁለት ወር የጠበቁበትን፣ አንዲትን ሲዲ ሃያ ሰው እየተቀባበለ የገለበጠበትን ዘመን እያነሱ «ያ ጊዜ እኮ!» ይባባላሉ። የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው እንዲሉ፣ በእነሱ ትዝታ ውስጥ መብራት አይጠፋም፣ የስልክ መስመር አይቆረጥም፣ ማንም ከማንም አይጣላም። ክፍሉን የሚያጸዳ ሰው ሲፈለግ ግን ሁሉም ስብሰባ አለበት።

ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው «አቃኚ» ነው፤ ከአማርኛ ጽሑፍ የፊደል ግድፈት የሚለቅም፣ በነፃ ሠርተው ማንም ወስዶ እንዲያሻሽለው ክፍት ያደረጉት ፕሮግራም። አንድ ሕግ ነበራቸው፦ ማንም የጻፈው እርማት፣ ሌላ ሰው አንብቦ ስሙን ካልፈረመበት ወደ ሥራው አይገባም። ማሽኑ ራሱ አያስገባውም። እርማት ሲከፈት የሚወጣው ነገር ከላይ በመቀነስ ምልክት፣ የሚገባው ከታች በመደመር ምልክት ይታያል። የኮምፒውተሩ ማያ ጠባብ ስለሆነ የላይኛው ይሸሽና ዓይን የሚያርፈው ታች ላይ ነው። የላይኛውን ሳያይ የፈረመውን ሰነፍ «ከግርጌ አነበበ» እያሉ ይስቁበት ነበር። ሁሉም ከግርጌ አንብቧል፤ አንድም ቀን ያላደረገው ሉልሰገድ ብቻ ነው።

አቃኚን የጀመረው እሱ ነበር፤ ብርቱካን እየላጠ፣ ልጣጩን ማያው አናት ላይ እየደረደረ የሚሠራ፣ ስህተት አይቶ ዝም ማለት የማይሆንለት ሰው። አንድ ቀን የሶስናን ስህተቶች በሰው ፊት አንድ በአንድ ቆጠረባት፤ እሷም አኮረፈች። በዚያ ሰሞን እንድታነብለት የላከላትን እርማት ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳትከፍተው አስቀመጠች። ሁለት ጊዜ ደውሎ «ሶስዬ፣ ኧረ አንብቢልኝ» ብሏታል። በአራተኛው ሳምንት አቃኚን ለአንድ ትምህርት ቤት ሊጭን ወደ ናዝሬት ሲሄድ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገለበጠ። እርማቱን የከፈተችው ከቀብር መልስ ነው፤ አምስት መስመር ነበር፣ ደቂቃም አልፈጀባት። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ሃያ ዓመታት አግብታለች፣ ሁለት ልጆች ወልዳለች፣ የመሥሪያ ቤት አለቃ ሆናለች። ከሰው የምትፈልገው ግን አንዲት ይቅርታ ናት፤ እሷን የሚሰጣት ደግሞ የለም።

በሰኔ የመጀመሪያው ቅዳሜ ማሽኑን ስታስነሳው አንድ ጽሑፍ ጠበቃት፦ «ንባብ የሚጠብቅ አንድ እርማት አለ። ጸሐፊ፦ ሉልሰገድ።» የተጻፈበት ቀን የዚያው ሳምንት ሐሙስ ነው። ማሽኑ ከምንም የኢንተርኔት መስመር ጋር አልተገናኘም፤ የክፍሉም ቁልፍ ያለው እሷው ቦርሳ ውስጥ ነው። ከግርጌ «+ ትንፋሽ» ይላል። ፎቶ አንስታ ለቡድኑ ላከችው፤ ዛሬ መኪና አስመጪ የሆነው ወሰን ወዲያው መለሰ። «የማሽኑ ሰዓት ባትሪ ሞቶ ነው እህቴ፤ ቀኑን አሳስቶታል። ማሽኑም እንደኛው ጃጅቷል።» ደህና ምክንያት ነበር። ቢሆንም የእሱ ስም ያለበትን ነገር ዳግመኛ ሳታነብ ትታ መሄድ አልቻለችም፤ «አንብቤዋለሁ፣ ሶስና» ብላ ፈረመች። ዝናቡ ለአፍታ ጋብ ሲል፣ ከመደርደሪያው ጀርባ የሆነ ነገር አየር ቀስ ብሎ እየሳበ ቀስ ብሎ ሲያስወጣ ሰማች። የማሽኑ ማራገቢያ ነው አለች ለራሷ። ስትወርድ ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ ቆማ ማረፍ ነበረባት።

በሁለተኛው ቅዳሜ «+ ጣዕም» ነበር። ማያው አናት ላይ ገና ያልደረቀ የብርቱካን ልጣጭ ተደርድሯል፤ ያ ስሙ የጠፋባት ሽታ ምን እንደነበረ ያን ጊዜ ገባት። ፈረመች። በዚያ ሳምንት ባሏ ወጡ ጨው በዛበት ብሎ ሲያማርር እሷ ከጨውም ከበርበሬውም ምንም አላገኘችም። በሦስተኛው «+ ድምፅ» አለ። ከፈረመች በኋላ ግድግዳው ውስጥ የሚመስል ቦታ ላይ አንድ ወንድ ለራሱ ማንጎራጎር ጀመረ፤ ከሰኞ ጀምሮ ደግሞ ቢሮ ስልክ የሚደውልላት ሰው ሁሉ «ሃሎ? ሃሎ?» እያለ ይዘጋባት ጀመር። በአራተኛው «+ ኮቴ» የሚል መጣ። ያን ቀን ስትወርድ አባባ ጫኔ ድንገት አጠገቡ ቆማ አይቷት ደነገጠ።

«ውይ እትዬ፣ መቼ ወረዱ? ኮቴዎ እኮ አይሰማም። ላይ ያሉት ሰውዬ ግን ሲንጎራደዱ ቤቱን ቀድመው ሊያፈርሱት ነው።»

«ላይ ማንም የለም አባባ» አለችው።

ሽማግሌው ጆሮውን ወደ እሷ አዘነበለ። «ምን አሉ?»

ፈራች። የቡድኑን መልእክቶች ማየት አቆመች፤ «ያ ጊዜ እኮ!» የሚለው ጽሑፍ ራሱ ያስፈራት ጀመር። ባሏ «በባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም፣ ተይው፣ ይፍረስ» አላት፤ እሷም መተው ፈልጋ አንድ ሳምንት ሙሉ ከራሷ ጋር ተሟገተች። ግን የሚጽፈው እሱ ከሆነ የሚለምነውም እሱ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ሳታነብለት ብትቀር ሁለተኛ ጊዜ የምትገድለው መሰላት።

የመጨረሻው ቅዳሜ ሐምሌ ውስጥ ነበር። የጎረቤቱ ቤት ቆርቆሮ ተነቅሏል፤ የዚህኛው ተራ ሰኞ ነው። ከሰዓት ቢሆንም ሰማዩ ከመጥቆሩ የተነሳ መብራቱን አበራች። ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ሰው አሁን የተነሳበት ይመስል ሞቆ አገኘችው። የዛሬው እርማት ረጅም ነው፤ ሲከፈት መስመሮቹ ወደ ላይ ሮጡ፣ ሮጡ፣ ሲቆሙም ከግርጌ የቀረው አንድ ብቻ ነበር፦ «+ ሶስዬ፣ ኧረ አንብቢልኝ።»

ሶስና አለቀሰች። እንባዋ ፊደሎቹን እያደበዘዘባት ስሟን ፈረመች። «ይቅር በለኝ» አለች ድምፅ በሌለው አፏ። ማሽኑ «ገብቷል» ብሎ መለሰ። ያን ጊዜ ነው፣ የእሱን ተጨማሪ ቃል ለማየት ጓጉታ፣ ጽሑፉን ወደ ላይ የመለሰችው።

«− ትንፋሽ፣ ከሶስና» ይላል። «− ጣዕም፣ ከሶስና። − ድምፅ፣ ከሶስና። − ኮቴ፣ ከሶስና።» ከዚያ በላይ የባሏ ስም አለ። ከዚያም የልጆቿ፤ የትልቁን ስም አንብባ መልኩን ልታስታውስ ሞከረች፣ አልመጣላትም። የልደቷ ቀን፣ የቤቷ ቁጥር፣ የሠርጓ ዕለት፣ ከሃያ ዓመት ወዲህ ያለው ሁሉ፣ መስመር በመስመር፣ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ተደርጎበት፣ ማያው እስከሚችለው ድረስ ወደ ላይ ይቀጥላል። ሁሉንም የሚመልስ እርማት በጥድፊያ ጻፈች። ማሽኑ «እርማትሽ ንባብ ይጠብቃል» አለ።

ከደረጃው የአባባ ጫኔ ከዘራ ተሰማ። በሩን ገፋ አድርጎ ክፍሉን ቃኘ፤ ዓይኖቹ የተቀመጠችበትን ወንበር አልፈው መስኮቱ መዘጋቱን አዩ። ጮኸች፤ ለራሷም አልተሰማትም። ሽማግሌው «መብራቱን ረስተውት ወረዱ» ብሎ አጠፋውና በሩን ከውጭ ቀረቀረው።

ልትነሳ ሞከረች፣ ምኗን እንደምታነሳ አላወቀችም። ከወለሉ ሥር፣ ከመግቢያው በኩል፣ የጥበቃው ድምፅ በዝናቡ መሐል ወደ ላይ ደረሰ።

«እንግዲህ ጋሼ፣ ቤቱ ከፈረሰ ቅዳሜን የት ሊያሳልፉ ነው? ለመሆኑ ያቺ አብራችሁ ትሠራ የነበረችው ልጅ ከሞተች ስንት ዓመቷ?»

«ሃያ ዓመቷ ነው አባባ» አለ ሉልሰገድ ረጋ ብሎ፤ «ዛሬ ይቅር አልኳት።»