አጫውታት እንጂ ጎጆ አታሳስባት

ልብስ ሰፊዋ ያን ቀን እጇ ላይ የጠመጠመችውን ሰማያዊ ብጣሽ ስፌት ቤቷ ጥላው ወጥታ ቢሆን ኖሮ፣ ይኼ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር። ግን ማን ያውቃል? ስፋቷ አንድ ጣት የማይሞላ የከፈፍ ትራፊ ናት። ሞት ይዛ ትመጣለች ብሎ ማን ይጠረጥራል?

የሄደችው የልኬት ደብተሯ ተበታትኖባት ነው። የደንበኞቿ ሁሉ ወገብና ትከሻ የተጻፈው እዚያ ላይ ነው፤ አንድ ቅጠል ቢጠፋ አንዷ ሙሽራ ያለ ወገብ ልትቀር ነው። ከስፌት ቤቷ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ መጽሐፍ ጠራዥ አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ በመስኮት ሲተያዩ ኖረዋል፤ አንድ ቃል ግን ተለዋውጠው አያውቁም። አብራት የምትሰፋው ሴትዮ «አቶ ዝምታ» ነበር የምትለው።

ጠራዡ ደብተሩን ተቀብሎ አገላበጠው። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ፊቷ የቀላ፣ ጀርባዋ አረንጓዴ፣ ከጭብጥ የማትበልጥ ወፍ ቆማ ልብስ ሰፊዋን በአንድ ዓይኗ ትመረምራታለች።

«ምን የምትባል ወፍ ናት?»

«ላቭበርድ ናት። የፍቅር ወፍ ይሏታል።»

«ትናከሳለች?»

«ሰው ትመርጣለች።»

«እኔንስ?»

ጠራዡ ቀና ብሎ አያት። «እስቲ እናያለን» አለ፤ ወዲያው ጆሮው ድረስ ቀላ።

ወፏ ዘላ እጇ ላይ አረፈች። ሰማያዊውን ብጣሽ በአፏ መዝዛ፣ ዞር ብላ፣ ጅራቷ ላይ ካለው ላባ ውስጥ ሻጥ አደረገችው። ልክ ገበያ ደርሳ እንደመጣች ሴት ተንጎራደደች።

«ጉድ! ሌባ ናት እንዴ ይቺ?»

ጠራዡ ሳቀ። ልብስ ሰፊዋ በሦስት ዓመት ጥርሱን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው፤ እንዲህ የሚያምር ጥርስ ይዞ መዝጋቱ አናደዳት።

«የእናቴ ናት» አለ። «እሜቴ ነበር የምትላት። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤት ውስጥ የምታናግረኝ እሷ ብቻ ናት።»

ከዚያ ወዲያ ልብስ ሰፊዋ በየቀኑ ምሳ ሰዓት ላይ መንገዱን ትሻገር ጀመር። ባዶ እጇን አትሄድም። ዛሬ ቀይ ብጣሽ፣ ነገ ቢጫ፣ ከነገ ወዲያ የዳንቴል ትራፊ። እሜቴ ገና ከሩቅ ኮቴዋን ስትሰማ ትጮሃለች። ጠራዡም ቢሆን አይጮህም እንጂ መቀሱን ያስቀምጣል፤ አንዳንዴም በእጁ የሠራውን ትንሽ ነገር ያቀብላታል።

እሷ ያላወቀችው ይኼን ነው። በሦስተኛው ሳምንት እሜቴ ብጣሹን ሁሉ የሽቦ ቤቷ ጥግ ውስጥ ከምራ ጎጆ ሠራች። ጎጆ ከሠራች ደግሞ ባል ኖረም አልኖረም እንቁላል ልትጥል ነው። እንቁላሉ ሆዷ ውስጥ ተሰንቅሮ ቀረ። ጠራዡ በሁለት እጁ አቅፎ ወደ እህቱ ሮጠ፤ እህቱ የእንስሳት ሐኪም ናት፣ ላምና በሬ ስታክም የምትውል፣ ቁጡ፣ ነገር የማታስረዝም። በስንት መከራ አተረፈቻት። «ሁለተኛ ከደገማት አበቃላት» አለችው። ወንድሟ የተነገረውን የሚረሳ መሆኑን ስለምታውቅ፣ ማዘዣ እንደምትጽፈው አድርጋ በአጭሩ ጽፋ ሰጠችው።

ታዲያ ይኼን ለልብስ ሰፊዋ ቢነግራት ምን ነበረበት? አይ! አልነገራትም። ያቺን ደስ ብሏት የምታመጣዋን ሴት «ስጦታሽ ሊገድላት ነበር» ብሎ ማሳፈር አቃተው። ይልቁንስ ስትመጣ ጠብቆ፣ ዓይኑን ሙጫው ላይ ተክሎ፣ «ከእንግዲህ ብጣሽ አታምጪላት» አላት።

«ለምን?»

«እንዲሁ።»

«እንዲሁ ማለት ምን ማለት ነው?»

ሙጫውን ማማሰሉን ቀጠለ። አቶ ዝምታ አይደል!

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሱቁ ሌላ ሱቅ ሆነባት። ጠራዡ ከመጽሐፍ ጠርዝ የሚቆርጠውን ቀጭን ወረቀት እሳት የወደቀበት ይመስል እየተሯሯጠ ይጠርጋል። ጥግ ጥጉን ሁሉ ደፍኖታል። ለወፏ የእንጨት ዶቃ በሽቦ እየሰካ፣ ቡሽ እየቦረቦረ፣ እህል በእንጨት ኳስ ውስጥ እየደበቀ ይሰጣታል፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ አንስቶ ሌላ ያንጠለጥላል። «ዙሪ» ሲላት እንድትዞር አስተምሯታል። እሜቴ ግን ጨዋታው አላጠገባትም። ልብስ ሰፊዋ ስትመጣ ሽቦውን ነክሳ እጅ እጇን ታያታለች።

አንጀቷን በላችው። እሱ ጓዳ ሲገባ ጠብቃ፣ ከኪሷ አንድ ብጣሽ አውጥታ በሽቦው አሾለከችላት። «እንኪ እሜቴ። ለዚያ ደረቅ እንዳትነግሪ» አለቻት። በማግስቱም ደገመች። በሦስተኛው ቀንም።

በዚህ መሃል ሊያገባት የሚፈልግ ሰው ቤት መጣባት። የአባቷ የድሮ የሥራ ባልደረባ ልጅ ነው፤ ጨዋ፣ ረጋ ያለ፣ ክፉ የማይወጣው። ቤተሰቦቹ እሑድ መልስ ሊሰሙ ይመጣሉ። አባቷ «አላስገድድሽም። ግን ሌላ ሰው ካለ ከወዲሁ ንገሪኝ፣ ከሌለ ደግሞ እሺ በይኝ» አላት። ሌላ ሰው አለ? እሷስ ምን ብላ ትመልስ! ምሳ ሰዓት የምታየው፣ ልቧን የሰጠችው፣ ግን «እወድሻለሁ» ያላላት ሰው አለ ይባላል?

ማክሰኞ ለጠራዡ ነገረችው። እየቀለደች መስላ።

«ቤት ሰው መጥቶብኛል። እሑድ መልስ ይፈልጋሉ።»

የጠራዡ እጅ መርፌው ላይ ቆመ። ልብስ ሰፊዋ በልቧ ለመነችው። ተናገር፣ ተናገር እባክህ! እሜቴ ዛሬ አልጮኸችም፤ ላባዋን ነፍታ አንድ ጥግ ተጠግታ ተቀምጣለች። ሁለቱም ልብ አላሏትም።

«ጥሩ ሰው ነው?» አለ በመጨረሻ።

«ጥሩ ነው ይላሉ።»

ተነሥቶ ኮቱን ከማንጠልጠያው አወረደና አቀበላት። «ገበሩ ተተርትሯል። ትሰፊልኛለሽ?»

ይኸው ነው! ሴት ልጅ ልቧን አውጥታ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጥለት የተቀደደ ገበር ሰጣት። ተናድዳ ነጥቃው ወጣች።

እሮብ ኮቱን ገልብጣ ገበሩን ስትፈታ፣ ከውስጥ ኪሱ ተጣጥፎ የተቀመጠ ወረቀት ወደቀ። የእህቱ ጽሕፈት መሆኑን አወቀች፤ ሱቁ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የስልክ ቁጥሯ በዚያው እጅ የተጻፈ ነው። ጠራዡ ስለ እህቱ ሲያወራ «ሐኪሟ» እንጂ ሌላ ብሎ አያውቅም፤ ልብስ ሰፊዋ የምን ሐኪም ብላ አልጠየቀችም። አንድ ጊዜ እህትየው ሱቁ ደጃፍ ላይ አግኝታት፣ ከእግር እስከ ራሷ እያየቻት ሳትስቅላት አልፋለች። ወረቀቱን ገለጠችው።

«አጫውታት እንጂ ጎጆ አታሳስባት። በየሦስት ቀኑ አዲስ ነገር ስጣት፣ ልቧ አንድ ነገር ላይ እንዳይረጋ። እጅህ ከአንገቷ እንዳይወርድ። ጨለም ያለ ቦታ ይዘሃት አትቀመጥ። ብትለማመጥህ አትሸነፍላት፤ ኋላ ጣጣው ላንተው ነው።»

ደግማ አነበበችው። አጫውታት! ጎጆ አታሳስባት! አዎ፣ አጫውቷታል። አንድ ሰኞ ትንሽ ደብተር ሠርቶ ሰጣት፣ ሐሙስ በቆዳ የተለበጠ የመርፌ መያዣ፣ በሳምንቱ ደግሞ ስሟ የተቀረጸበት ዕልባት። በየሦስት ቀኑ! ስለ ጎጆ መውጣት ግን፣ ስለ ትዳር ግን፣ አንድ ቀን ትንፍሽ ብሏል? ትናንትስ አፏን ሞልታ ስትነግረው ምን አለ? ገበር!

አብራት የምትሰፋው ሴትዮ «ምነው? ዓይንሽ ምን ሆነ?» አለቻት።

«ክር ገባብኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

የዚያኑ ዕለት ከሥራ እንደተመለሰች አባቷ ፊት ቆመች። «እሺ ብያለሁ። ይምጡ» አለች። አባቷ ደስ ሊለው ሲገባ ፊቷን ትኩር ብሎ አየ።

ዓርብ ኮቱን አጥፋ፣ ወረቀቱን ኪሱ መልሳ፣ ለመጨረሻ ጊዜ መንገዱን ተሻገረች። ኮቱን ወርውራ ልትወጣ ነው፤ የምትናገረውን ሁሉ ሸምድዳለች። በሩን ስትገፋው ግን የሸመደደችው ጠፋባት።

እሜቴ ጠረጴዛው ላይ፣ የሞቀ ጨርቅ ላይ ተጋድማለች። ዓይኗ ግማሽ ተከድኗል። እህትየው ጎንበስ ብላ ሆዷን በጣቷ ትዳስሳለች፤ ጠራዡ ፊቱ አመድ መስሎ ቆሟል።

«ምላሴ ፀጉር እስኪያበቅል ነገርኩህ!» ትላለች እህትየው። «አጫውታት እንጂ ጎጆ አታሳስባት ብዬ በገዛ እጄ ጽፌ ሰጠሁህ! አላልኩም?»

ልብስ ሰፊዋ በቁሟ ደረቀች። «ማንን?» አለች።

«ማንን ይሆናል? ወፏን ነዋ!» እህትየው ዞር ብላ እንኳ አላየቻትም። ከሽቦው ቤት ጥግ፣ ከእህል መስጫው ጀርባ፣ የተጠቀጠቀ ነገር ጎትታ አወጣች። ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ዳንቴል። «ጎጆ ሠርታ እንቁላል ይዛለች። አሁንም ተሰንቅሯል። ይኼን ማን ነው የሰጣት?»

«እኔ ነኝ» አለ ጠራዡ።

«ውሸቱን ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ። ድምጿ የሌላ ሰው መሰላት። «እኔ ነኝ። ተደብቄ ስሰጣት ከረምኩ።»

እህትየው ቀና ብላ አየቻት፣ ወንድሟን አየች፣ ከዚያ ወደ ወፏ ተመለሰች። ለአንድ ሰዓት ያህል ሞቅ ያለ ውኃ ተመላለሰ፣ ዘይት ተቀባ፣ የእሜቴ ደረት ከፍ ዝቅ አለ። ከዚያ ዝቅ ብሎ ቀረ።

እህትየው እጇን ታጥባ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

«ገደልኳት» አለች ልብስ ሰፊዋ። «የእናትህን ወፍ ገደልኩብህ።»

«ብጣሹን አይቼው ነበር» አለ ጠራዡ። «ሁለት ጊዜ አግኝቼ አወጣሁት። ያንቺ መሆኑን አውቄያለሁ።»

«አውቀህ ነው? ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ አፍረሽ ትቀሪያለሽ ብዬ ፈራሁ።»

መታችው። እውነቴን ነው፣ በመዳፏ ትከሻውን መታችው፤ መልሳ ደግሞ እዚያው ትከሻ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እሱም አለቀሰ። ወፏ በሁለቱ መካከል ተጋድማለች፤ አንዱ ባለመናገሩ፣ አንዷ ባለመስማቷ የሞተች ወፍ። ልብስ ሰፊዋ ቀና አለችና የቀረውን ነገረችው፤ ወረቀቱን እንዳነበበች፣ ምን መስሏት እንደነበር፣ እሮብ ለአባቷ ምን እንዳለች። ጠራዡ እየሰማ ይበልጥ ነጣ።

ወደ ቤት ስትመለስ አባቷ በረንዳው ላይ ጋዜጣ ይዞ ተቀምጧል።

«አባዬ፣ ቃሌን ላጥፍ ነው።»

ጋዜጣው ወረደ። «ሌላ ሰው አለ ማለት ነው?»

«አለ።»

«ጠየቀሽ?»

«አልጠየቀኝም። እኔ ነኝ የጠየቅኩት።»

አባቷ መነጽሩን አወለቀ። «ምን አለሽ?»

«እሑድ እመጣለሁ አለኝ።»

«ማን? ያ ጠራዥ? ያ ደህና ዋላችሁ ለማለት እንኳ አፉ የሚተሳሰርበት?» ተነሣ። ድምፁን ሳያነሣ፣ «እኔ ቃል ሰጥቻለሁ። እሑድ ሲመጡ አንቺው ቆመሽ ትነግሪያቸዋለሽ። እኔ አፌን አልከፍትም። እሱ ከቀረ ደግሞ እንዳዋረድሽኝ ትኖሪያለሽ» አላት።

እሑድ መጡ። ልጁ፣ እናቱና አጎቱ ሶፋው ላይ ተደረደሩ። ልብስ ሰፊዋ በሩ አጠገብ አንድ ወንበር አስቀምጣለች፤ ወንበሩ ባዶ ነው። ውኃ ቀረበ፣ ስለ መንገዱ ተወራ፣ ስለ ዝናቡ ተወራ። ወንበሩ ባዶ ነው። አባቷ ሰዓቱን አየ፣ እሷን አየ፣ ፊቱን አዞረ። አይመጣም፤ እኔ ምን ቆርጦኝ አመንኩት አለች በልቧ።

በሩ ተንኳኳ። ጠራዡ ነው፤ ላብ አጥምቆታል፣ የሸሚዙን ቁልፍ አዛንፎ ቆልፎታል። ሰላም ሳይል ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ዓይኑን ወለሉ ላይ ተከለ።

ልብስ ሰፊዋ ቆመች። ቃሏን በችኮላ እንደሰጠች፣ ጥፋቱ የሷ እንጂ የማንም እንዳልሆነ፣ ልጁን ማታለል እንደማትፈልግ ነገረቻቸው። ልጁ አንገቱን ደፋ። እናቱ ግን ቀስ ብላ ወደ በሩ ዞረች።

«እና ይኼ ማነው? ከገባ ጀምሮ አንድ ቃል አልወጣውም።»

ሁሉም ዞሩ። አባቷም ዞረ። ልብስ ሰፊዋ በእሱ ፈንታ ልትመልስለት አፏን ከፈተች፤ ከዚያ መልሳ ገጠመችው።

ጠራዡ ተነሣ። ከንፈሩ ሁለት ጊዜ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ አልወጣም። በሦስተኛው ግን ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ ጮኸ።

«ባሏ ልሆን የመጣሁ ነኝ!»