አንድ እርከን መመለስ

አዛውንቱ አልጋቸው ላይ ሞተው ተገኙ። የመተንፈሻ ማሽኑ ማብሪያ አልተነካም፤ ባትሪውም ከግማሽ በላይ አለው። ማሽኑ ግን ጸጥ ብሏል። ሰኞ ጠዋት መብራት ሲጠፋ ቤት የነበረችው ልጃቸው ብቻ ናት። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ደግሞ «በቃኝ፣ ደከመኝ» ስትል ተቀጥራ የምታግዛት አስታማሚ ሰምታታለች። ፖሊስ ጣቢያው ነገሩን ጨርሶታል፤ ልጅቱን ለማሰር የቀረው ፊርማ ነው።

ፈራሚዋ መርማሪ ናት። ባልደረቦቿ «ቀስ በቀስ» ይሏታል፤ ሲያሞግሷት ግን አይደለም። አባቷን ስታስታምም የከረመች ልጅ በአንድ የድካም ቃል ስትታሰር ማየት አንጀቷን በላው። ብዕሩን ትታ ወደ ሟቹ ታናሽ ወንድም ወርክሾፕ ሄደች። ማሽኑን የሠራው እሱ ነው፤ ልጅቱም አብራው ትሠራለች።

«ማሽኑን የሚያዘው ፕሮሰሰር ለምን ይቆማል?»

«ቮልቴጁ ሲቀነስ ባትሪ ይበረክታል። ፍጥነቱ ሳይቀነስ ቮልቴጁ ከልክ በታች ከወረደ ግን ስሌት ይሳሳታል። ሲብስበት ድርቅ ይላል።»

«ልኩን በምን ያውቁታል?»

«ስህተት እስኪቆጥር እርከን በእርከን አወርዳለሁ፤ ከዚያ አንድ እርከን እመለሳለሁ። የሃያ ዓመት ልማዴ ነው።»

«የወንድምዎ ልጅስ?»

«እሷ ፈሪ ናት፤ ሦስት ትመለሳለች። ባትሪ አባካኝ እያልኩ ስጨቀጭቃት ነው የምውለው።» ፈገግ ሊል ብሎ ተወው።

የማሽኑን መዝገብ አይታ አስታማሚዋ ዘንድ ስትደርስ ጥያቄዋ አጭር ነበር።

«እሁድ ከሰዓት ማን መጣ?»

«ወንድማቸው። አዛውንቱ ተኝተው ስለነበር ብቻቸውን አጠገባቸው ቁጭ አሉ። ልጅቱም ጓዳ ልብስ ታጥብ ነበር።»

በማግስቱ መርማሪዋ ሦስቱን በሟቹ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ልጅቱ ዓይኗ አብጧል፤ አጎቷ ትከሻዋን አቅፏታል።

«ሊገድል የፈለገ ሰው ማብሪያውን ያጠፋል» አለች መርማሪዋ። «ይሄኛው ግን ባትሪው እንዲበረክት ነው የለፋው። የማሽኑ መዝገብ እንዲህ ይላል፦ እሁድ ከሰዓት ቮልቴጁ ስድስት እርከን ወረደ፣ ስህተት ተቆጠረ፣ አንድ እርከን ተመለሰ። ፍጥነቱ አልተነካም። አስታማሚዋ ቮልቴጁ የሚቀየርበትን ገጽ መክፈት አትችልም። ልጅቱ ብትሆን ሦስት ትመለስ ነበር።»

አጎትየው ክንዱን ከልጅቱ ትከሻ አወረደ።

«ልኩን የፈተኑት ወንድምዎ ተኝተው ሳሉ ነው፤ ያኔ የማሽኑ ሥራ ቀላል ነበር። ጠዋት ሳል ሲይዛቸው ፓምፑም፣ ስክሪኑም፣ ማስጠንቀቂያውም አንድ ላይ ሥራ አበዙበት። ፕሮሰሰሩ ደረቀ። ማስጠንቀቂያውን የሚያዘውም ራሱ ነውና ልጅቱ የነበረችበት ጓዳ ድረስ የሚሰማ ድምፅ አልወጣም።»

«መብራቱ እየጠፋ አስቸገረ» አለ አጎትየው። «ወንድሜ አየር እንዳያጥረው ብዬ ነው። እግዜር ያውቃል።»

«እኔም አውቃለሁ» አለች መርማሪዋ። «መቼ ነው የገባዎት?»

«ማሽኑን እንዳየሁት።»

ልጅቱ ቀስ ብላ ቀና አለች። ሦስት ቀን ሙሉ ፖሊስ ሲያፋጥጣት እሱ አጠገቧ ተቀምጦ ውኃ ሲያቀርብላት ነበር።

«አጎቴ፣ የአባቴን ሞት ስህተት እለዋለሁ» አለችው። «የእኔን ሦስት ቀንስ ምን ልበለው?»