አሥራ አንድ ሰው በአንድ ፒካፕ

«አላነብም!» አለች ኤሴታ።

እናቷ የነጩን ቀሚስ ጫፍ ልታስተካክል ተንበርክካለች፤ ሦስት ስፒል በጥርሷ ነክሳለች። «ምን አልሽ?»

«ነገ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ አላነብም። ሌላ ሰው ያንብብ።»

ሳሞአ ውስጥ የልጆች እሑድ እንደ ቀልድ አይታይም። መንደሩ ነጭ ለብሶ ልጆቹን ሲሰማ ያረፍዳል፤ ምሳ ላይ ደግሞ ልጆቹ ተቀምጠው ቀድመው ይበላሉ፣ ትልልቆቹ ቆመው ያስተናግዳሉ። ዘንድሮ ረጅሙ ንባብ ለኤሴታ ነው የደረሳት። ሁለት ወር ሙሉ ስታጠናው ከርማ በቃሏ ትወጣዋለች።

«ለምን አታነቢም?»

ኤሴታ ቀሚሱን ከእናቷ እጅ ሳብ አደረገች። የስምንት ዓመቱ ወንድሟ ሴፎ ግን ዝምታ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። «እነሩታ ሙድ ስለሚይዙባት ነዋ! ድምፅሽ የወንድ ነው ብለው ‹አቶ ኤሴታ› ነው የሚሏት። ክፍል ውስጥ ስትናገር ብድግ ብለው ‹አቤት ጌታዬ!› ይላሉ። ባለፈው ደግሞ ሽንት ቤት ቆልፈውባት...»

«ሴፎ፣ አፍህን ዝጋ!»

ምን ዋጋ አለው! ቤቱ እንደ መንደሩ ቤቶች ሁሉ ምሰሶና ጣሪያ እንጂ ግድግዳ የለውም። ደጅ ኮኮናት የሚፍቀው አጎት ታቪታ ሰማ። አክስት ሊሊያ ሰማች። ከማዶ ያለው ዘመድ ሁሉ ሰማ።

«የኛን ልጅ?» አለ አጎት ታቪታ ደሙ ፈልቶ። «የኛን ልጅ ነው?» ፒካፑን አስነሳ።

ወዲያው አሥራ አንድ ሰው ተሳፈረ። አክስት ሊሊያ መጥረጊያ ይዛለች፤ ምን ልትጠርግ እንደሆነ እግዜር ይወቅ። አንዱ የአጎት ልጅ ሰውነቱን ሲታጠብ ቆይቶ ከነሳሙናው ነው የወጣው፤ ሽርጡን እንኳ በቅጡ አላሰረም።

ኤሴታ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ወደደች። አምስት ወር የደበቀችው ይህንን ፈርታ ነበር። ይህ ሁሉ ሰው ሩታ ደጃፍ ከወረደ በኋላ በምን ዓይኗ ትምህርት ቤት ትሄዳለች?

የቤተሰቡ አለቃ አያቷ ናቸው። ቀስ ብለው መጡና መኪናው ፊት ቆሙ። «ወዴት ነው?»

«ሩታ ቤት!»

«ደርሳችሁስ?»

«እንጮህባቸዋለን» አለች አክስት ሊሊያ። «ከዚያ ወዲያ ያለውን እዚያው እናያለን።»

«ልጅቷስ ምን አለች?»

ሁሉም ወደ ኤሴታ ዞሩ። ለካ የጠየቃት የለም።

«ውረዱ» አለች። «በናታችሁ ውረዱ።»

መጀመሪያ የወረደችው እናቷ ነበረች። እሷም ከነስፒሏ ተሳፍራ ኖሯል! ስፒሎቹን ከአፏ አወጣችና ልጇን አቀፈች። «አምስት ወር ሙሉ እኔ እናትሽ ሳላይ!» ብላ አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠረገች። «እሺ፣ ምን ላድርግልሽ?»

«አላውቅም፣ እማ። ላስብበት።»

«እስከ ነገ ምሳ አስቢ። ነገ እኮ የምታዢው አንቺ ነሽ።»

በማግስቱ ሰባኪው ስሟን ሲጠሩ ኤሴታ ገና አልወሰነችም ነበር። እግሮቿ ግን ተነሡ። ሩታ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ናት፤ ገና ከአሁኑ አፏን በእጇ ሸፍናለች። የኤሴታ የመጀመሪያ ቃል ጎርነን ብሎ ወጣ። ከሁለተኛው ረድፍ ኪኪኪ የሚል ሳቅ ተሰማ። ኤሴታ ንባቧን አቋረጠች።

ቀና ስትል ቤተሰቧን አየች። አንድም ሰው ከቦታው አልተነሣም። አጎት ታቪታ ብቻ እንዳይነሣ የተቀመጠበትን አግዳሚ በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዟል፤ ፊቱ ቲማቲም መስሏል። ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። ያ ሁሉ ፍርሃት የት እንደገባ እንጃ! ከመጀመሪያው ጀመረች፤ ድምፅዋም ከኋላ ረድፍ አልፎ ደጅ ዛፍ ሥር እስከተቀመጡት ሰዎች ደረሰ።

ስትጨርስ፣ ጆሯቸው የደከመ አንዲት አሮጊት ከጥግ «እሰይ! ዘንድሮ ገና ሰማሁ!» ብለው ጮኹ። ምእመኑ በሳቅ ፍርስ አለ። ኤሴታም ሳቀች። ሩታ ትሳቅ አትሳቅ ልብ አላለችም።

ምሳ ላይ ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ዓሣ፣ ጎደሬ፣ በኮኮናት ወተት የበሰለ የጎደሬ ቅጠል ቀረበ። ትልልቆቹ ሳህን ይዘው ቆመዋል፤ ግን ከኤሴታ በቀር ወደ ሌላ ልጅ የሚያይ የለም።

«እህስ?» አለ አጎት ታቪታ፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ። «ሰኞ በስንት ሰዓት እንነሣ?»

«ሰኞ እኮ በዓል ነው፣ ትምህርት የለም፣ አጎቴ።» ኤሴታ የጎረሰችውን ዋጠች። «ማክሰኞ እማ ብቻ ትመጣለች። መምህራችን ጋ አብረን እንገባለን። የሽንት ቤቱንም፣ ሁሉንም የምናገረው እኔ ነኝ። እማ አጠገቤ ትቀመጣለች።»

«እኔ ምንም አልልም?» አለች እናቷ።

«እኔ ስጨርስ።»

እናቷ ብዙ የምትለው ነበራት፤ ከፊቷ ያስታውቃል። «እሺ» ብቻ አለች።

«እኔስ?» አለ አጎት ታቪታ፣ እንደተረሳ ልጅ አኩርፎ።

«አንተ በመኪና ታደርሰናለህ። ግን አትወርድም።»

ጥቂት አሰበ። «መስኮቱን ከፍቼ?»

«ዘግተህ» አለች ኤሴታ፣ ዓሣ እንዲጨምርላት ሳህኗን እየዘረጋችለት።