ስንት ቢሆን ያዋጣል?

«ከነገ ጀምሮ ጨው የሌለው ዳቦ አንጋግርም፤ ንገሪያቸው» አላት ዳቦ ጋጋሪው አባቷ፣ ትኩሱን ዳቦ በወረቀት እየጠቀለለ።

«ለምን?»

«አያዋጣማ።»

ጥያቄ ስለምታበዛ ሰፈሩ ሁሉ «ምንድነው» ነው የሚላት። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። በየጠዋቱ ትምህርት ቤት ስትሄድ፣ ጨው የሌለውን አንድ ዳቦ ለጡረተኛዋ መምህርት የምታደርሰው እሷ ናት። ሴትዮዋ ደም ግፊት አለባቸው፤ ሐኪም ጨው ከከለከላቸው ዓመት አልፏል።

መምህርቷ በሩን ከፍተው ዳቦውን እንደ ሁልጊዜው አሸተቱት። መልእክቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«እትዬ፣ ‹አያዋጣም› ማለት ምን ማለት ነው?»

«ትርፉ ከልፋቱ አነሰ ማለት ነዋ። ጋዜጣ ላይ ‹አዋጭ አይደለም› የሚሉት።» አስተማሪነታቸው መጣባቸውና ወንበር ሳቡ። «ግን ለማን፣ በስንት ብለሽ ካልጠየቅሽ ግማሽ ዐረፍተ ነገር ነው። ጎማ ጠጋኝ ለአንድ ብስክሌት ብሎ ሱቅ ቢከፍት አያዋጣውም፤ ለሃያ ያዋጣዋል።» ትክ ብለው አዩዋት። «አባትሽ ነው ያለው?»

መዋሸት ትችል ነበር። «አዎ» አለች ቀስ ብላ፣ «ስለ እርስዎ ዳቦ።»

ሴትዮዋ ዳቦውን አገላበጡት። «እውነቱን ነው እኮ። ለአንድ ሰው ብሎ ለብቻ ሊጥ ማቡካት ያደክማል» አሉ። ፈገግ ለማለት ሞከሩ፤ ብዙም አልሆነላቸውም።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ አባቷ ትሪ እየፋቀ ነበር።

«ነገርሻቸው?»

«ነገርኳቸው። አባዬ፣ ስንት ቢሆን ያዋጣል?»

«ምኑ?»

«ጨው የሌለው።»

መፋቁን አቆመ። ይህንን ማንም ጠይቆት አያውቅም፤ እሱም ራሱን ጠይቆ አያውቅም። ጣሪያ ጣሪያውን አየ። «አንድ ትሪ ከሞላ... አሥራ ሁለት።»

«አንድ አለን።»

«አሥራ አንዱን ከየት ልታመጪ?»

«ጤና ጣቢያ ማክሰኞ ማክሰኞ ደም ግፊት ይለካል። እስከዚያ ድረስ ብቻ ጋግርላቸው።»

አባቷ እጁን በሽርጡ ጠረገ። «እስከ ማክሰኞ» አለ። «ከዚያ በኋላ ጭቅጭቅ የለም።»

ማክሰኞ ማለዳ ጤና ጣቢያው በር ላይ ሰልፉ አጥሩን ዞሮ ነበር። ጨው የሌለውን ዳቦ ታቅፋ እዚያ መቆሟ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። ቢሆንም ከፊቷ ወደቆሙት ባለከዘራ ሽማግሌ ጠጋ አለች።

«አባባ» አለቻቸው፣ «ጨው ከልክለውዎታል?»