የሃሊሞ ወተት የመረረ ዕለት

ሳቢሪን የማትጸየፈው ነገር አልነበረም። ሌላ ሰው የነካውን ማንኪያ አትነካም፤ ዝንብ ያረፈበትን ስኳር ሙሉውን ትደፋለች፤ ገንዘብ ተቀብላ እጇን ሳትታጠብ ብርጭቆ አታነሳም። መጋላ ገበያ ውስጥ ከእናቷ ከፊርዶስ ጋር በምትሠራበት የጁስና የወተት ቤት ደንበኞች «እዚህስ ከሐኪም ቤት ይጸዳል» ይሉ ነበር። እያደነቁም እያሾፉም ነው። እናቷ ደግሞ ትዳር በተነሳ ቁጥር፣ «አንቺን የሚያገባ ሰው መጀመሪያ ተቀቅሎ ነው የሚመጣው» ትላታለች።

እንግዲህ እበት በሚያሸት ሰው ፍቅር የወደቀችው ይህችው ልጅ ናት።

ወተቱን ከገጠር፣ ከሐርላ የምታመጣላቸው ሃሊሞ ነበረች። ሃሊሞ በገበያው የታወቀችው በአፍንጫዋ ነው። የቅሉን ክዳን ከፍታ አንዴ ሳብ ካደረገች ላሟ ግራር ሥር እንደዋለች ወይም የቁርቁራ ቅጠል እንደቀጠፈች ትናገራለች። ከብት የታመመበት ጎረቤት ሁሉ ወተቱን ይዞ ወደ እሷ ነው የሚሮጠው። የሃሊሞ ወተት ከተባለ ሁሉም ሳይቀምስ ነው የሚገዛው።

አንድ ጠዋት ግን ሳቢሪን ከዚያው ወተት ገና አንድ ጊዜ እንደተጎነጨች በደንበኞቿ ፊት ተፋችው። የተፈጨ ኮሶ ምላሷ ላይ የተለጠፈ መሰላት። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ምንድን ነው የጨመርሽበት?»

ሃሊሞ ደነገጠች። ቅሉን ከፍታ አሸተተች። «ምንም የለውም» አለች። «ደህና ወተት ነው።»

ነገሩን ያበላሸው ይህ ቃል ነው። ሌላ ሴት ብትሆን «አላወቀችም» ይባልላት ነበር። ላሟ የዋለችበትን በማሽተት የምታውቅ ሴት ግን እንዴት ይህን ሳታውቅ ትቀራለች?

«አንቺ? ይሄ አልሸተተኝም ነው የምትይኝ?» ብላ ጮኸች ሳቢሪን። «አውቀሽ ነው የሸጥሽልኝ!»

ወተቱን ከነአረፋው ቱቦ ውስጥ ደፋችው። ሃሊሞ ባዶ ቅሏን ይዛ፣ አንገቷን ደፍታ ሄደች። ፀሐይ ሳትበረታ ወሬው መጋላን አዳርሶ ነበር። በሳምንቱ ከሃሊሞ የሚገዛ ሰው ጠፋ።

ከዚያ የሃሊሞ ልጅ ሰማታር መጣ። ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ገባና በፌስታል የተጠቀለለ ነገር የሳቢሪን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ሲፈታው እበት ነው። እርጥብ እበት!

«አንሳው! ወላሂ አሁኑኑ አንሳው!»

«ቆይ አቦ፣ አንዴ እዪው።»

«ምኑን ነው የማየው?»

ሰማታር እበቱን በጣቱ ፈልፍሎ ከፈተው። ሳቢሪን በሻሿ አፍንጫዋን ያዘች። ዓይኗን መንቀል ግን አቃታት።

«ይሄ የግራር ፍሬ ነው። ይሄ ደግሞ የቁርቁራ ዘር።» ጣቱን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። «ይሄኛው ፈረምሲሳ ነው። ነጭ አበባ ያላት፣ ስታያት ምስኪን የምትመስል አረም። ማሳውን ስለምትውጥ ገበሬው ‹መሬትህን ፈርመህ ልቀቅ› የምትል ብሎ ነው ስም ያወጣላት። ላም ከበላቻት ወተቱ ይመራል። ላማችን አጥር ጥሳ ገብታ በላች፣ በቃ። እናቴ ምንም አልጨመረችም።»

«ታዲያ ለምን ደህና ነው አለችኝ?»

ሰማታር እበቱን መልሶ በፌስታሉ ጠቀለለ።

«እሱን አላውቅም» አለ በመጨረሻ። «ሆዮ ግን አትዋሽም፤ እናቴን አውቃታለሁ።»

ይህን ሲል ቀና ብሎ አያት። ሳቢሪን እስከዚያች ቅጽበት ድረስ ፊቱን አላየችውም ነበር። ጣቱ ላይ እበት የተለጠፈ ሰው ዓይኑ እንዲህ ማማሩ ራሱ አናደዳት።

እሱ ጠረጴዛውን ወልውሎላት ሄደ። እሷ እንደገና በበረኪና ፈተገችው። ሽታው ሲጠፋ ደግሞ፣ ማን ያምናል፣ ቅር አላት።

ተመላለሰ። መጀመሪያ ስለ እናቱ ሊከራከር፣ በኋላ ያለ ምንም ምክንያት። ዓይኗን ጨፍና እንድታሸት ቅጠል ያመጣላታል። አንዴ ካሸተተች አትረሳም፤ ሦስት ቅጠል አንድ ላይ ቢያሻሽም ለይታ ትነግረዋለች።

«አንቺ ክፉ ልብ የለሽም» አላት አንድ ቀን። «አፍንጫሽ ከሰው አፍንጫ በልጦብሽ ነው የምትቸገሪው።»

በዚህ ነገሯ እስካሁን ሁሉም አሾፈባት እንጂ ያዘነላት አልነበረም። ጀርባዋን ሰጥታው ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች፤ ፊቷን እንዲያይባት አልፈለገችም።

አንድ ቀን ከሰዓት የደረቀውን የወንዝ አሸዋ ተከትለው ሲሄዱ ነጭ፣ የደረቀ ነገር አሳያት።

«ኖራ ነው?» ብላ ጎንበስ አለች።

«የጅብ ኩስ ነው። አጥንት ስለሚበላ ነው የሚነጣው።»

«ያ አላህ! ሌላው ወንድ እኮ አበባ ነው የሚያሳየው!»

ሳቀ። እሷም እያንገሸገሻት ሳቀች። ሳቁ ሲያልቅ ተያዩ።

«ሽማግሌ ልላክ?» አላት።

«እናትህስ?»

አንገቱን ደፋ። ሳቢሪን ስለ ፈረምሲሳው ለደንበኞቿ ነግራ ነበር። የሰዉ መልስ ግን አንድ ነው፦ «ሃሊሞማ ሳታውቅ አትቀርም፤ አውቃ ነው የሸጠችው።» አንዴ የተፋችውን ቃል መልሳ መዋጥ አልቻለችም። ያ ቃል ካልተነሳ ደግሞ ሃሊሞ ሽማግሌ እንደማትልክ ሁለቱም ያውቁታል።

ሰማታር እናቱን ለምኖ ለምኖ መልስ ይዞ መጣ። «ወተቴን በሰው ፊት ተፍታዋለች» ብላለች ሃሊሞ፤ «በሰው ፊት ትጠጣው። ያን ጊዜ ልጄ ትሆናለች።»

ሳቢሪን እሺ አለች። ደስ ብሏት ነበር።

በቀጠሮው ቀን የፊርዶስ ቤት በሰው ሞላ። ወንዶቹ ሽማግሌዎቹን ከሚመራው ከሼኽ ሞሐሙድ ጋር በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላው ተቀመጡ። ሃሊሞ አዲስ ሻሽ አስራ ቅሏን ታቅፋ ገባች። ሁሉም እያያት ክዳኑን ከፈተች፤ ረጅም ሳብ አደረገች።

«ቁርቁራ ነው የዋለችው» አለች ኮራ ብላ። በጣሳ ቀድታ ለሳቢሪን ሰጠቻት።

ሳቢሪን ጣሳውን ወደ አፏ ስታስጠጋ ሽታው መታት። ፈረምሲሳ! ከመጀመሪያው የባሰ።

ቀና ብላ ሃሊሞን አየቻት። ተንኮል ፈለገች ፊቷ ላይ። የተንኮል ምልክት የለም። ሴትዮዋ ተስፋ አድርጋ ታያታለች። ያኔ ነገሩ ገባት። ሃሊሞ አላታለለቻትም፤ ያን ቀንም ዛሬም አልሸተታትም። ምንም ነገር አይሸታትም።

ከተፋችው ሃሊሞ ለዘላለም ተዋረደች፤ ሰማታርም ቀረ። መራራ ነው ብላ ብትናገርም ያው ነው። ሳቢሪን ትንፋሿን ያዘች፤ ጠጣችው። ምላሷ እየተኮማተረ፣ እያንዳንዱ ጉንጭ ተመልሶ ሊወጣ እየታገላት፣ የጣሳው ቂጥ እስኪታይ ድረስ ጠጣችው።

«ማሻአላህ» አለች። «ቁርቁራ ነው፣ ኤዶ» ብላ እንደ አክስት ጠራቻት።

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ሳቢሪን ፈገግ እንዳለች ተነሥታ በጓሮ በር ወጣች፤ ግድግዳውን ተደግፋ ሆድ ዕቃዋ እስኪወጣ አስታወከች።

እልልታው ቀስ በቀስ ሞተ። የማስታወኳ ድምፅ እስከ ቤት ይሰማ ነበር።

«ኧረ ጉድ ነው!» አለች ከሴቶቹ አንዷ፣ ቀስ ያለች መስሏት። «ገና ኒካሕ ሳይታሰር? ስንተኛ ወሯ ነው?»

የወንዶቹ ዓይን ሁሉ ሰማታር ላይ አረፈ። ፊርዶስ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

ሃሊሞ ጓሮ ደርሳ የሳቢሪንን ግንባር ደገፈችላት።

«መርሮሽ ነው?»

«አይ፣ ኤዶ። ፈርቼ ነው።»

«ወላሂ በይ።»

ሳቢሪን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሃሊሞ ኦሮምኛና ሶማልኛ የተቀላቀለ ነገር ለራሷ አጉረመረመች፤ እንባዋም ወረደ። «በኮሮናው ጊዜ ታመምኩ» አለች። «ከዚያ ወዲህ ሽታም ጣዕምም የለኝም። ላሟ የት እንደዋለች ጎረቤት ጠይቄ ነው የምናገረው። ልጄም አያውቅም። ይሄ አፍንጫ ከሌለኝ እኔ ምንድን ነኝ?»

«ማንም አይሰማም» አለቻት ሳቢሪን አፏን እየጠረገች። «እኔ አልናገርም።»

«አንቺንስ ምን እያሉሽ እንደሆነ ሰምተሻል?»

ሃሊሞ እጇን ይዛ ወደ ቤት ጎተተቻት። በሰዉ መሀል ቆማ ቅሉን አነሳች፤ የቀረውን ቀድታ ለሼኽ ሞሐሙድ ሰጠች።

«ቅመሰው።»

ሼኹ ቀመሰ። ፊቱ ተጨማደደ፤ መሐረቡን አውጥቶ ተፋበት።

«ልጅቷ ንጹሕ ናት» አለች ሃሊሞ፣ ሁሉም እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «የመረረው የኔ ወተት ነው። አፍንጫዬ ከሞተ ቆየ፤ ደብቄአችሁ ነው። እሷ ግን ሽታው ገና ሲደርሳት አውቃለች። እያወቀች ጠጣችልኝ።»

«ስንተኛ ወሯ ነው?» ያለችው ሴት ጣቷን መቁጠር ጀመረች፤ የምታየው ሌላ ቦታ አጣች። ሰማታር ተነሥቶ ቆሞ ነበር፤ እናቱን አየ፣ ሳቢሪንን አየ። ፊቷ በእንባና በትውከት የረጠበ፣ ሻሿ የተጣመመ፣ ሳቢሪን በሕይወቷ እንደዚያ ቆሽሻ አታውቅም። እሱ ግን ዓይኑን ከእሷ ላይ አላነሳም።

«በሉ እጃችሁን ዘርጉ» አለ ሼኽ ሞሐሙድ መሐረቡን እያጠፈ፣ የእሺታውን ዱዓ፣ ፋቲሃውን ሊጀምር።

ሁሉም እጁን ዘረጋ። ሃሊሞ ብቻ አልዘረጋችም፤ የሳቢሪንን እጅ እንደያዘች ነበር።