ከተነሣ ባቡር ኋላ

ሃያኛው ምዕት ዓመት ጓዙን ጠቅልሎ ሊሰናበት በተሰናዳበት ዘመን፣ ሁለት ኮረብታዎች ተፋጠው በሚተያዩበት ሸለቆ ውስጥ አንድ የባቡር ጣቢያ ነበረ፤ ሐዲዱ ዝጓል፤ የግንቡ ቀለም ተልጧል፤ በግንባሩ የተሰቀለው ሰዓት ሁልጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ኩራቱ ግን እንዳለ ነው። በዚያ ዓመት በበጋው መግቢያ የምድር ባቡሩ የበላይ አስተዳደር «ከእንግዲህ ሴትም የምልክት ባንዲራ ትይዛለች» ሲል አወጀ፤ የአዋጁም ቀለም ሳይደርቅ አንዲት ወጣት ሴት፣ ለሁለት ሰው የተሰፋ የሚመስል ካፖርት ለብሳ፣ አረንጓዴና ቀይ ባንዲራ በብብቷ ሸጉጣ በመድረኩ ጫፍ ቆመች። ከእሷ በፊት እዚያ ቦታ የቆመች ሴት አልነበረችምና ሰፈሩ ሁሉ «ባለባንዲራዋ» አላት።

አዋጁ ግን ጅራት ነበረው፤ በሙከራ ዓመቷ ያረገዘች ሴት ያለ አንዳች ቃል ትሰናበታለች ይላል።

«በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መንሣት ይሉሃል ይሄ ነው» አለ ባሏ። እሱ የዕቃ ባቡር ነጂ ነው፤ በቤታቸው ሥር ሲያልፍ ሳያስፏጭ ስለማያልፍ ሰፈሩ «ፉጨት» ይለዋል።

«አንተ ዝም ብለህ አስፏጭ፤ ባንዲራው የኔ ጉዳይ ነው» አለችው።

ሥራ በጀመረች ሰሞን ዋናው ተቆጣጣሪ ለጉብኝት መጡ፤ ወርቅ ክር የዞረበት ቆብ የደፉ፣ ሲስቁ ሆዳቸው ከአፋቸው ቀድሞ የሚስቅ ታላቅ ሰው ነበሩ። በጣቢያ ሹሙ ቢሮ ሻይ ይዘው ሲጫወቱ፣ የመጡበት ባቡር ሹም አላውቅም ብሎ በሰዓቱ ጥሏቸው ሄደ። ጣቢያ ሹሙ ጉድ ፈላ እያሉ እየሮጡ ወጡ።

«አስቁሚው! ልጄ፣ አስቁሚው እንጂ!»

የሹም ቃል ነውና ቀዩን ባንዲራ አውጥታ፣ ኩርባውን ዞሮ ለሚጠፋው ለመጨረሻው ፉርጎ አውለበለበች።

«ይህ ባቡር ዓይኑ በጅራቱ ነው እንዴ?» አሉ ተቆጣጣሪው ከኋላዋ።

«ጌታዬ፣ ቀዩ ላልተነሣ ባቡር ነው፤ ለተነሣማ ሰላምታ ነው» አለች።

የተቆጣጣሪው ሆድ ሳቀ፤ ቀጥሎ እሳቸው ሳቁ፤ ጣቢያው ሁሉ ተከተለ።

በዚያው ሰሞን በምድር ባቡሩ ክሊኒክ አዲስ ኪኒን መጣ። አዋላጇ «የድንገተኛ ጊዜ የእርግዝና መከላከያ» ብላ አስተዋወቀችው፤ ያን የሚያህል ስም ግን ማን ይሸከማል? ሴቶቹ «ቀዩ ባንዲራ» አሉትና አረፉ። ስሕተቱም ከዚህ ተወለደ። የባቡር ሰፈር ሰው ባንዲራ ምን እንደሚሠራ ከጡት ጋር ጠብቶ ያድጋል፤ ነገሩ ወደ ኪኒን ሲዞር ግን እውቀቱን መስኮት ላይ አስቀምጦ «የሚመጣውን ያስቆማል፣ የገባውንም ያባርራል» ማለት ጀመረ።

ባለባንዲራዋና ፉጨት ይጠነቀቁ ነበር፤ ጥንቃቄ ግን አንዳንዴ ይቀደዳል። ኮንዶሙ በተቀደደ ማግስት፣ ጠዋት፣ ወደ ሥራ ስትሄድ ክሊኒኩ ዘው አለች።

«የወር አበባሽ መጥቶ ነበር?» አለቻት አዋላጇ።

«ትንሽ ብቅ ብሎ ሄደ።»

«ትንሽ ስንል ምን ያህል?»

«እትዬ ሙች፣ ባቡር ደርሶብኛል! ትንሽ ትንሽ ነው።»

ዋጠችው፤ ሮጠች፤ ባቡሩንም አሳለፈች፤ ልቧም ዐረፈ።

ሳምንታት ሲነጉዱ ግን እንደ ሽቶ የምትወደው የሐዲድ ግራሶ ሽታ ሆዷን ያገላብጠው ጀመር። ተመልሳ ሄደች። አዋላጇ ሆዷን ዳሰሰች፤ መረመረች፤ እጇን ታጥባ ከፊቷ ተቀመጠች።

«እርግዝና ነው። ደግሞም ኮንዶሙ የተቀደደ ቀን የመጣ አይደለም፤ ከዚያ ይቀድማል። ያ ብቅ ያለው ደም የወር አበባ አልነበረም።»

የባለባንዲራዋ ፊት አመድ መሰለ። «እና ኪኒኑን ስውጥ… እዚህ ነበር? በገዛ እጄ ገደልኩት?»

«ስሚኝ፣ እህቴ። ያ ኪኒን የሚሠራው እንቁላሏ ከቦታዋ ሳትወጣ ነው፤ ያዘገያታል፤ ከወንዱ ዘር ጋር ሳትገናኝ ጊዜው ያልፋል። ቶሎ ኑ፣ ባደረ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል እያልኩ የምጮኸው ለዚህ ነው። ፅንስ ከያዘ በኋላ ግን አያስወርድም፤ ፅንሱንም አይጎዳም።»

«የሚያስወርዱበትስ?»

«እሱ ሌላ መድኃኒት ነው። ሁለት ዓይነት ሆኖ ተከታትሎ ይወሰዳል፤ አንደኛው እርግዝናውን አጽንቶ የያዘውን ሆርሞን ያግዳል፤ ሁለተኛው ማሕፀኑ ተኮማትሮ እንዲያስወጣ ያደርጋል። ያኛው የተጀመረውን ያቋርጣል፤ ይሄኛው እንዳይጀመር ይከላከላል። ያኛውን ከፈለግሽ እኔ ዘንድ የለም፤ ሕጉ ወደሚፈቅድለት ወደ ትልቁ ሆስፒታል እልክሻለሁ። አልፈርድብሽም። አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ከሸለቆው ማዶ የዕቃ ባቡር አስፏጨ፤ ያ ማን እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ባለባንዲራዋ እንባዋን በካፖርቷ እጅጌ ጠረገች።

«ለተነሣ ባቡር ሰላምታ ነው ያልኩት እኔው ነኝ» አለች። «ይሄ ተነሥቷል፤ እኔም እፈልገዋለሁ። ይምጣ።»

አእምሮ የሰማውን ሆድ ወዲያው አያምንም። ሌሊት ሌሊት ጣት የጎደለው ሕፃን በሕልሟ ይመጣባት ነበር። አማቷ ነገሩን የሰሙ ዕለት ደግሞ በቁስሏ ላይ ጨው ነሰነሱበት።

«የልጄን ዘር መርዝ አጠጣሽው! ጎዶሎ ቢወለድ ዓይንሽን እንዴት አያለሁ?»

«እማዬ፣ አዋላጇ አይጎዳም ብላለች።»

«አዋላጇ ታርግዘው እንግዲያ!»

በጣቢያው ደግሞ ካፖርቱ ውለታ ዋለላት፤ ሆዷን ሸፈነላት። የምድር ባቡሩን ኢዮቤልዩ መጽሐፍ የሚያዘጋጁ ሰዎች ፎቶ አንሺ ልከው ነበር፤ እሱም «የመጀመሪያዋ ሴት» ብሎ በመድረኩ ላይ ሲያነሣት፣ ካፖርቷን እንድትከፍት ቢለምናት በጄ አላለችም። ጣቢያ ሹሙ ከጎን ሆነው ያያሉ።

«ልጄ፣ ካፖርትሽ እየወፈረ ነው።»

«ብርዱ ነው፣ ጌታዬ።»

«በዚህ ሐሩር?»

«የኔ ብርድ ወቅት አያውቅም።»

ደጉ ሰው ሳል ሳል አሉና ሰዓታቸውን ለማስተካከል ሄዱ።

ወሬ ግን ከባቡር ይፈጥናል። «ክሊኒኩ በድብቅ ፅንስ ያስወርዳል» የሚለው ቃል ከበላይ አስተዳደሩ ደረሰ፤ የኪኒኑ ቁም ሣጥን ታሸገ፤ አዋላጇም በአንደኛ ማዕረግ መንገደኞች አዳራሽ ጉባኤ ፊት እንድትቀርብ ታዘዘች። የጉባኤው ሰብሳቢ ዋናው ተቆጣጣሪ ነበሩ፤ ያን ቀን ሆዳቸው አልሳቀም። አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ አማትም መቋሚያቸውን ተደግፈው ከፊት ተቀምጠዋል።

አዋላጇ ለባለባንዲራዋ ያስረዳችውን ሁሉ ደግማ አስረዳች። ተቆጣጣሪው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የሆስፒታሉ ሐኪምም ይህንኑ ብለውኛል። ነገር ግን ሕዝቡ አንድ ነው ይላል፤ እኔስ አንድ አለመሆኑን በምን ልየው?»

ባለባንዲራዋ በበሩ ሥር ቆማ ነበር። አፏን ከከፈተች ሥራዋ እንደሚሄድ ታውቃለች፤ ዝም ካለች ከሥራ የምትሄደው አዋላጇ ናት። በወንበሮቹ መካከል አልፋ ወጣችና የካፖርቷን ቁልፎች ከላይ ወደ ታች ፈታች።

አዳራሹ «እ!» አለ።

«ኪኒኑን ስውጥ ይሄ ተፀንሶ ነበር፤ አላወቅሁም። ያ ቀይ ባንዲራ ከተነሣ ባቡር ኋላ ነው የተውለበለበው። ጌታዬም አይተዋል፤ ያኔ ስቀውብኛል።»

«በሕይወት መኖሩንስ በምን እናምናለን?» አሉ ተቆጣጣሪው፤ ድምፃቸው ግን ዝቅ ብሏል።

አዋላጇ ከቦርሳዋ ከእንጨት የተሠራ፣ ጡሩምባ የመሰለ የፅንስ ልብ ማዳመጫ አወጣች፤ ባለባንዲራዋን በረጅሙ አግዳሚ ወንበር ላይ ጋደም አደረገቻት፤ ቦታውን ፈልጋ አገኘችና ማዳመጫውን በስስ ቀሚሷ ላይ አቆመች።

«ይምጡ፣ ጌታዬ። በእጅዎ አይያዙት፤ ጆሮዎን ብቻ ያስጠጉ።»

እኚያ ታላቅ ሰው ቆባቸውን አወለቁ፤ ጎንበስ አሉ። መጀመሪያ ምንም አልሰሙም፤ የራሳቸው ትንፋሽ ብቻ። ቀጥሎ፣ ከሩቅ፣ ከሌላ ዓለም ሸለቆ ውስጥ እንደሚመጣ፣ ቀላልና ጥድፊያ የበዛበት ምት መጣ፤ የሐዲድ መጋጠሚያ ላይ እንደሚጋልብ ትንሽ ባቡር፤ የማያቋርጥ፤ ማንንም የማይጠብቅ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የባቡር ድምፅ የለየው ጆሯቸው ይህን ድምፅ ሰምቶ አያውቅም ነበር። የአራት ልጆች አባት ናቸው።

«እየመጣ ነው» አሉ።

አማት ተነሡ። ማንንም ሳያስፈቅዱ ተቆጣጣሪውን በትከሻቸው ገፋ አድርገው ጆሯቸውን ደፉ። ቀስ ብለው ቀና አሉ። «አፈር ልብላ፣ ልጄ» አሉ፤ የካፖርቷንም ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፉላት።

ቁም ሣጥኑ ተከፈተ፤ አዋላጇ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ባለባንዲራዋ ግን ሕግ ሕግ ነውና በማግስቱ ተሰናበተች፤ ጣቢያ ሹሙ ካፖርቱን አልቀበልም ብለው አስቀሩላት።

ልጅቷ በክረምቱ ዋዜማ ተወለደች። አማት ከሁሉ ቀድመው ጣቶቿን ዘረጉ፤ ሁሉም በየቦታቸው ነበሩ፤ ደግመው ዘረጉ። እናቲቱ ተኝታ ስታያቸው፣ ለወራት ደረቷ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ወረደላት። በቤቱ ሥር የዕቃ ባቡር ማስፏጨት ጀምሮ እስከ ኩርባው ድረስ አላቆመም፤ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጮኸ።

ዛሬ በዚያ ሐዲድ ላይ ሣር በቅሏል። የምድር ባቡሩ መጽሐፍ ስለዚያ ዓመት የሚናገረው ጥቂት ነው፤ በክሊኒኩ መድኃኒት ላይ የተጣለው እገዳ በዋናው ተቆጣጣሪ አስተዋይነት መነሣቱን ይጠቅሳል፤ ስለ ተፈታው ካፖርት አንዳች አይልም። ታሪክ የፈረመውን ሹም እንጂ የካፖርቱን ቁልፍ ድምፅ የመስማት ልማድ የለውም። ከመጽሐፉ መካከል ግን አንድ ፎቶግራፍ አለ፤ በመድረኩ ጫፍ ባንዲራ የሸጎጠች፣ አገጯን ቀና ያደረገች ሴት ቆማለች፤ ከሥሩም «የመጀመሪያዋ ሴት ባለባንዲራ፤ ስሟ አልተመዘገበም» ይላል።

በፎቶው ውስጥ ሁለት ሰው መኖሩን የጻፈ የለም።